የሙሽራዋ እጅጌ

በቤታችን የስልክ ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አገር ቤት ሲደወል ጤና ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል፣ የታመመ ሰው ካለ ይጠየቃል። ስለ ሰልፍ አይወራም። ማን ታሰረ አይባልም። የሰው ስም አይጠራም። ቁጥርም አይነገርም፤ ቁጥር ለሚያዳምጥ ሰው ምስጢር ይመስላል። ይህን ሕግ ለልጄ፣ ከልጄ በላይ ደግሞ አገር ቤት ላለችው ታናሽ እህቴ እስኪሰለቻት ነግሬያታለሁ። የሚያዳምጥ ሰው መኖሩን በዓይኔ አላየሁም። ግን ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ። የማላውቀው ነገር ብዙ ስለሆነ በእውቀት ፈንታ ጥንቃቄን ይዤ ኖሬአለሁ።

ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከመጣሁ በኋላም ጥንቃቄው አልለቀቀኝም። የምኖረው ከከተማዋ ዳር፣ ፓይን ሌክ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብሩክሄቨን አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። ቅዳሜ ግን ሳሎኔ ልብስ ቤት ይሆናል። ሠርግ ያላት፣ ክርስትና ያላት፣ ለበዓል የአገር ልብስ የፈለገች ሴት ትመጣና ሜትሬን ይዤ እለካታለሁ። ልኩን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ተራ ነበር የምጽፈው፦ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት፣ በመጨረሻ እጅጌ። ከዚያ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በስልክ ለእህቴ እልካለሁ። እሷ ደግሞ የጥለቱን ፎቶ ትልክልኛለች። ደንበኛዬ እዚሁ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ «ይኼኛው ወርቃማው፤ አይ፣ አረንጓዴው» እያለች ትመርጣለች።

እህቴ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን የአውቶብስ መንገድ በሚርቅ ከተማ ትኖራለች። ከሁለት ሸማኔዎችና ከአራት ጠላፊዎች ጋር ትሠራለች። ለእነሱ ምሳ የምታመጣ ሴት አለች። ክር የሚሸጥላቸው ሰውዬ አለ። ያለቀውን ልብስ አውቶብስ ተራ የሚያደርስ ባለ ባጃጅ አለ። ይህ ሁሉ ሰው ጠዋት ከቤቱ የሚወጣው እኔ ፓይን ሌክ ሆኜ አንድ ወረቀት ፎቶ ስላነሳሁ ነበር። ይህን ያወቅሁት ፎቶው አልሄድ ያለ ጊዜ ነው።

2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ እዚህ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ አገር ቤት የስልክ ኢንተርኔት ተዘጋ። መጀመሪያ የእኔ ስልክ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አጥፍቼ አበራሁት። ልጄ ዳውንታውን ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ያደገችው እዚሁ ነው። እሷ ዜናውን አንብባ ነገረችኝ።

«ማሚ፣ ያንቺ ፎን ምንም አልሆነም። እነሱ ዘግተውት ነው። ላይክ፣ አገሩን በሙሉ።»

«አገር እንዴት ይዘጋል?»

«ዘጉታ! እህትሽ ቪፒኤን ዳውንሎድ ታድርግ።»

«በምን ኢንተርኔት?»

ልጄ ስልኬን ከእጄ ወስዳ እሷም አጥፍታ አበራችው። 

በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ ትዕዛዝ ነበረኝ። ማሪዬታ የሚኖሩ ወይዘሮ ልጃቸውን ከታንክስጊቪንግ፣ ከአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ሊድሩ ነው። የእናትየውና የሚዜዎቹ ልብስ አስቀድሞ ተሰፍቷል። የሙሽራዋ ግን ቀርቷል፤ ሌላ ስቴት ትምህርት ላይ ስለነበረች መጥታ የተለካችው ዘግይታ ነው። ጨርቁ ተሸምኖ አልቋል፣ ጥለቱ ተመርጧል፣ ልኩ ብቻ አልሄደም። ልብሱን በሻንጣዋ የምታመጣልን መንገደኛ የምትነሳበት ቀን ደግሞ ተቆርጧል። እኚህ ወይዘሮ በማሪዬታ ሴቶች ዘንድ ቃላቸው የሚሰማ ናቸው። ከደንበኞቼ ግማሾቹን የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው «አይረቡም» ካሉ የእህቴ ቤት እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ሌሎቹ ደንበኞቼ እንደሆኑ የጥለት ፎቶ ማየት ስላልቻሉ አንድ በአንድ ትዕዛዛቸውን እየተዉ ነበር።

ድምፅ ስልክ ይሠራ ነበርና ደወልኩ።

«እታለም፣ ደህና ነሽ?» አለች እህቴ።

«ደህና። የሙሽራዋ ወረቀት ደረሰሽ?»

«ዝናቡ አቆመ።»

«ዝናቡን ተይው።»

«ኔትዎርኩ ጥገና ላይ ነው አሉ።»

«እስከ መቼ?»

«ጥገና ነዋ፣ እታለም። ሁሉ ሰላም ነው።»

«እሺ፣ እስክሪብቶ ያዢ። ትከሻ ሠላሳ ዘጠኝ። ደረት ዘጠና ሁ...»

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ስደውል አንሥታ በሹክሹክታ ጮኸችብኝ። በሹክሹክታ መጮኽ የሚችል ሰው ከእሷ በቀር አላውቅም።

«አብደሻል? ቁጥር በስልክ!»

«የሙሽራ ደረት ነው እኮ!»

«ለእኔና ለአንቺ ነው ደረት። ለእነሱ ምን እንደሚመስላቸው በምን አውቃለሁ? ራስሽ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

ራሴ ነኝ።  ስልኩን ዘግቼ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስንት ዓመት ሙሉ ያስከበርኩት ሕግ ማንንም ከምንም ሳያድን አሁን አንድ ቀሚስ ይዞ ቀረ። ማንም ሳይከለክለኝ እኔው ራሴን ከልክዬ፣ ለእህቴም ክልከላውን አስተምሬያት ኖሯል።

በሳምንቱ የሙሽራዋ እናት ደወሉልኝ።

«አየኋት!» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ።

«ማንን፣ እትዬ?»

«እህትሽን! በመንግሥት ቴሌቪዥን! ሁሉም ተኮልኩለው ይጠልፋሉ፤ እሷ መሐል ተቀምጣ ትስቃለች። ጥቃቅንና አነስተኛ ምናምን ይላል። አንቺ ግን ኢንተርኔት የለም፣ ሥራ ቆሟል ትይኛለሽ። የሌላ ሰው ልብስ አስቀደማችሁብኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ በፍጹም።»

«ታዲያ ቴሌቪዥኑ ዋሸ?»

ይህን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ሆቴሉ ኮሪደር ላይ አንሶላ የጫነ ጋሪ ይዤ ቆሜአለሁ። አማርኛ የሚሰማ ሰው በአካባቢው የለም። ሆኖም «አዎ፣ ዋሸ» አላልኩም። «ላጣራና ልደውልልዎ» ብዬ ዘጋሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ ደሞዜን በላቤ በማገኝበት ሆቴል ኮሪደር ላይ፣ አንድ ቃል መናገር አቃተኝ። በራሴ ያፈርኩት ያን ቀን ነው።

ማታ ልጄ ከሥራ ስትመለስ ያንን ዝግጅት ከኢንተርኔት ፈልጋ ቴሌቪዥናችን ላይ ከፈተችልኝ። እውነት ነው፣ እህቴ ናት። ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ጠላፊዎቹ አቀርቅረው ይሠራሉ። የሚናገረው ሰው ድምፁ ወፍራም ነው፤ ስለ ባለ ሁለት አሃዝ እድገት ያወራል፤ በከተማዋ ሥራ በተፋጠነ ሁኔታ ቀጥሏል ይላል።

«አቁሚው» አልኩ ድንገት።

እህቴ ጭን ላይ ያለው ልብስ ነጭ ነው፤ ጥለቱ አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለው። ያን ቀይ መስመር ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ልብሱን ያዘዘችው ደንበኛዬ ያለፈውን ፋሲካ ለብሳው አብረን ፎቶ ተነሥተናል። ፎቶውን ከስልኬ አውጥቼ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያዝኩት።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ልጄ። «ማሚ፣ ኦልድ ቪዲዮ ነው! ሰዎቹ ሥራ ፈትተው ቁጭ ብለዋል፤ ቲቪው ግሮውዝ ይላል።»

«ባለ ሁለት አሃዝ ማለት ምንድን ነው?»

«ከአሥር በላይ ማለት ነው።»

«የሙሽራዋ ወገብም ባለ ሁለት አሃዝ ነው፣ ሰባ አራት፤ በስልኩ አላለፈም እንጂ» አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ኢንተርኔቱን የዘጋው ሥራዬን ወሰደብኝ፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሥራዬ መወሰዱን የማስረዳበትን ቃል ወሰደብኝ። የመጀመሪያው ብቻ ቢሆን ደንበኛዬ ታዝንልኝና ትጠብቀኝ ነበር። ሁለተኛው ሲጨመርበት ውሸታም ሆንኩ። ንግድ ማለት ደግሞ ለእኔ ሌላ ምንም አይደለም፤ አንዲት ሴት ሳሎኔ ገብታ እጇን የምትዘረጋው ስለምታምነኝ ነው። አገር የሚያድገው በምን እንደሆነ የተማሩት ይጻፉ። እኔ የማውቀው እህቴ ቤት ያሉት ወንበሮች ባዶ እንደሆኑ፣ ምሳ የምታመጣዋም ሴት ድስቷን መጣድ እንዳቆመች ነው። ያ ወፍራም ድምፅ ወንበር ላይ ሰው አያስቀምጥም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሙሽራዋ እናት ከማሪዬታ ነድተው መጡ። መኪናቸውን በሬ ላይ ፓርክ አድርገው፣ ሻይም እምቢ ብለው ተቀመጡ። የፋሲካውን ፎቶና ከቴሌቪዥኑ ላይ ያነሳሁትን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩ።

«ጥለት ጥለትን ይመስላል» አሉ። «እኔ የምፈልገው እህትሽ ራሷ እንድትነግረኝ ነው። አሁን፣ ፊቴ ላይ ደውዪላት።»

«እትዬ፣ በስልክ አትናገርም። ትፈራለች።»

«ቴሌቪዥን ላይ ስትስቅ መቼ ፈራች?»

ልጄ ከኩሽና ብቅ ብላ «ሲሪየስሊ?» አለች። በዓይኔ መለስኳት። ከዚያ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።  እዚያ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው።

«እታለም፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ሥራ እንዴት ነው?»

«ሁሉ ሰላም ነው። ደህና ነን።»

የሙሽራዋ እናት ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። ያ ቅንድብ ማሪዬታ ሲደርስ ምን እንደሚያወራ ታየኝ።

«ስሚኝ» አልኳት እህቴን። «የስልኩን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ አይደል?»

«እታለም...»

«ዛሬ እኔው ሽሬዋለሁ። እስክሪብቶ ያዢ። የሚያዳምጥ ሰው ካለ አንተም ያዝ። የሰረቅነው የለም። ይህ የአንዲት ሙሽራ ልክ ነው፤ ለጠላት የሚሸጥ ነገር የለውም። ትከሻ ሠላሳ ዘጠኝ። ደረት ዘጠና ሁለት። ወገብ ሰባ አራት።»

 ዘጋችው ብዬ አሰብኩ። የሙሽራዋ እናት እንኳ አንገታቸውን ወደ ስልኩ አስግገዋል። 

«ደረት ስንት አልሽ?» አለች እህቴ።

«ዘጠና ሁለት!»

«አትጩኺ፣ ሰምቻለሁ። ወገብ ሰባ አራት። ቀጭን ናት እንዴ?»

«ወደ እናቷ አልወጣችም!» አሉ የሙሽራዋ እናት ሳያስቡት። እህቴ ሰው እንዳለ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ትዘጋዋለች ብዬ ፈራሁ። አልዘጋችውም።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት?» አለች። «በቴሌቪዥን አይተውን ይሆናል። ያሳዩት የዐቢይ ጾም ሰሞን የቀረጹትን ነው። ያን ጊዜም ኢንተርኔቱ እየጠፋ ሥራችንን እያስቆመው ነው ብያቸው ነበር። ያቺን ንግግሬን ቆርጠው ሳቄን አስቀሩ። አሁን የት አለ ሳቅ? ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ትዕዛዝ አልገባም። ሁለቱ ጠላፊዎች ሄደዋል፤ አንዷ ዐረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት እያወጣች ነው። የልጅዎን ልብስ እኔ በእጄ እጠልፈዋለሁ። ልኩን ብቻ ይስጡኝ።»

የሙሽራዋ እናት መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ እኔ ግን አላዩም። «አንብቢላት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

«ዳሌ ዘጠና ስምንት። ቁመት መቶ አርባ። እጅ...»

ተቋረጠ።

መስመሩ ይሁን ሰው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ደወልኩ፣ ልጄ ደወለች፣ የሙሽራዋ እናት በራሳቸው ስልክ ደወሉ። አይገባም። እሑድም አልገባ፣ ሰኞም አልገባ። የሆቴሉን አልጋ ሳነጥፍ እያንዳንዱ ትራስ ሥር እህቴን የማገኛት ይመስል እገላልጥ ነበር። አፌን ከፍቼ እሷን አስበላኋት? እኔ ፓይን ሌክ ተቀምጬ ጀግና ሆንኩ፤ በር የሚንኳኳው ግን እሷ ቤት ነው። ያን ሁለት ሳምንት በስልክ ያልኩትን ሁሉ እየደጋገምኩ ስመረምር ከረምኩ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት። ጥፋት ፈለግሁበት፤ አላገኘሁበትም። ፍርሃቴ ውስጥ አንድ ነገር ጠንከር ማለት የጀመረው ያን ጊዜ ይመስለኛል። የአንዲት ሙሽራን ወገብ በመናገር ሰው የሚጠፋ ከሆነ ጥፋተኛዋ እኔ አይደለሁም። ይህን ዓረፍተ ነገር አንሶላ እያጠፍኩ ለራሴ ጮክ ብዬ አልኩት። አብራኝ የምትሠራው ሴት አማርኛ ስለማትችል «ጸሎት ነው?» ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት።

መንገደኛዋ በቀኗ ደረሰች። ሻንጣዋን አየር ማረፊያው ወለል ላይ አስከፈትኳት። ቀሚሱ በነጠላ ተጠቅልሏል። አንገቱ ላይ በመርፌ የተያዘ ወረቀት አለ፣ በእህቴ እጅ ጽሑፍ፦ «እጅጌውን በግምት ነው የሰፋሁት። ደህና ነኝ። ማንም አልመጣም። ቢመጣም ልኩን አሳየዋለሁ።»

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ሜትሬ አጠገብ ከተትኩት።

የሠርጉ ዕለት ማሪዬታ አዳራሹ ውስጥ ሙሽራዋ ስትገባ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ጥልፉ ዓይን ይስባል። እጅጌው ግን ሁለት ጣት ያህል አጥሯል። ከእጇ አንጓ በላይ ቀርቷል፤ ለእኔ ከሩቅ ታየኝ። የሙሽራዋ እናት አጠገቤ መጥተው በጆሮዬ አሉኝ፦

«ከጠየቁ ፋሽን ነው እንበል።»

«አይ፣ እትዬ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ሠርግ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ፋሽን አይደለም።»

ብዙም ሳይቆይ ሦስት አራት ሴቶች ከበቡኝ። አንዷ፣ እጇ ላይ ሒና ያላት ወጣት ሴት፣ «እጅጌውን ሆን ብላችሁ ነው ያሳጠራችሁት? አዲስ ነው» አለችኝ።

«ሆን ብለን አይደለም» አልኳት። «ኢንተርኔቱን መንግሥት ዘግቶት ልኩን በስልክ ሳነብ እጅጌው ላይ ስደርስ ተቋረጠ። እህቴ በግምት ሰፋችው። ከእሷ ጋር ይሠሩ የነበሩት ግማሾቹ ዛሬ ሥራ የላቸውም። በቴሌቪዥን ግን ይሠራሉ።»

 አንዷ ዙሪያዋን አየች፤ እኔ ሆቴሉ ኮሪደር ላይ እንዳየሁት። ሌላዋ ክንዴን ነካ አድርጋ «ቀስ በይ፣ ቪዲዮ እየተቀረጸ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ካሜራ የያዘው ሰውዬ መብራቱን አብርቶ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። ያ ቪዲዮ ነገ በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ።  ሠርግ ላይ ካሜራ ሲመጣ ፊቴን በነጠላ የምሸፍን ሴት ነኝ።

«ይቀረጽ» አልኩ።

ሙሽራዋ ሰምታናለች። የእሷ አማርኛ እንደ ልጄ ነው፣ ግማሹ እንግሊዝኛ። «እኔ ላይክ አድርጌዋለሁ፣ ሾርት ስሊቭ» ልትል ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞራ ክንዷን ዘረጋች። እኔም ከቦርሳዬ ሜትሬን አወጣሁ፤ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። ከትከሻዋ ጀምሬ እስከ እጅ አንጓዋ ለካሁ። ሰውዬው ካሜራውን አስጠጋ።

«እጅጌ» አልኩ፣ እህቴ ባለችበት ድረስ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ሃምሳ ስምንት።»